ኩሮሃማ ዳር የቀረችው መርከብ

ኪኑ ሊያገባት ለታሰበ ሌላ ሰው የሚላከውን ፎቶ ልትነሳ የመጣችው እኔ ወደምሠራበት ቤት ነው። በኦቡራ ከተማ ከጋሼ ኦጋታ ፎቶ ቤት ሌላ የለም። ቢኖር ወደዚያ ትሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወይም ደግሞ ሆን ብላ ነው ወደ እኛ የመጣችው። የትኛው እንደሚብስ እስካሁን አላውቅም።

አማላጇ ሴትዮ ከአጠገቧ አልጠፋችም። ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ የኪሞኖዋን እጅጌ አስተካከለችላት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ ፊቷ ላይ ጥላ እንዳትጥል። ሱናጎ ያሉት የሙሽራው ሰዎች ዓይናቸው አይምርም፤ ሽፋሽፍት ይቆጥራሉ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ? ይሄ ልጅ አፍ የለውም እንዴ ኦጋታ?»

ጋሼ ኦጋታ ከካሜራው ጀርባ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሆነው፣ «አፍማ አለው፤ ለበዓል ብቻ ነው የሚያወጣው» አሉ።

ኪኑ አልሳቀችም። ድሮ ቢሆን በእጅጌዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ነበር። ብርሃኑን የሚያለዝበውን ነጭ መጋረጃ ስጎትት ዓይኗ ተከተለኝ። የናፍቆት አስተያየት አልነበረም። ጉምሩክ ላይ የቆመ ሰው የመንገደኛን ሻንጣ እንደሚያይ ነው ያየችኝ።

እሷ የአኩሪ አተር ስጎ የሚጠምቁት የጆኪቺ ልጅ ናት። በከተማችን ሾርባ የሚጠጣ ሁሉ የእነሱን በርሜል ምልክት ያውቃል። እኔ የመርከብ መሪ ያዡ የኢሳኩ ልጅ ታሚጂ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ፎቶ ቤት ገባሁ፤ የሰው ፊት ላይ ያለ ጉድፍ በቀጭን እርሳስ አጠፋለሁ። እኔና እሷን ያገናኘችን «ሀማዙሩ ማሩ» የምትባል የመንገደኞች መርከብ ናት። ጦርነቱ ሊያልቅ አምስት ወር ሲቀረው ፈንጂ መታትና ኩሮሃማ በሚባል ዳርቻ አጠገብ ቀረች። መሪዋን የያዘው አባቴ ነበር። የኪኑ ታላቅ ወንድም ሴይጂ ተሳፋሪ ነበር። ከኦቡራ የተሳፈረ አንድም ሰው አልተመለሰም፤ ሬሳም አልተገኘም ተባልን። በመታሰቢያው ቀን ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሳለቅስ መሐረቧን ሰጠችኝ። መሐረቡን አጥቤ ስመልስ ደብዳቤ አብሬ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ፣ ከመጥመቂያው ጀርባ ባለው አጥር ስንጥቅ ውስጥ፣ እሷ ለእኔ እኔም ለእሷ እንጽፍ ነበር።

ካለፉት ሦስት ሳምንታት በስተቀር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጥቁ ባዶ ነበር።

ፎቶው ተነስቶ አማላጇ ከጋሼ ኦጋታ ጋር ስለ ክፈፍ ስትከራከር ኪኑ ወደ እኔ ቀረበች። ከመቀነቷ ውስጥ ፖስታ አወጣች።

«ይህን እየው» አለች በዝቅተኛ ድምፅ። «እየውና ስለ አባትህ የነገርከኝን ድገምልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ለአባቴ ያመጣለት ነው። መርከቧ ናት።»

አወጣሁት። የመዳፍ ያህል ፎቶ ነው። ግራጫ መርከብ በአንድ ጎኗ አዘንብላ ቆማለች፤ ጭስ ማውጫዋ ተሰብሯል፤ ስሟ በጦርነቱ ጊዜ ቀለም ተሸፍኗል። ከፊት፣ አሸዋው ላይ፣ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ወደ ካሜራው ዞረው ቆመዋል። የመርከቧ አፍንጫ ወደ ቀኝ ያመለክታል።

ኩሮሃማን የሚያውቅ የኦቡራ ባሕርተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ከዳርቻው ሆኖ ባሕሩን ለሚያይ ሰው በግራ በኩል ለስላሳ አሸዋ ነው፣ በቀኝ በኩል መርከብ የሚሰባብር ድንጋይ ነው።

«‹አባቴ ወደ አሸዋው ሊያወጣት ሲሞክር ነው የሞተው› ብለኸኛል» አለች ኪኑ።

«እናቴ እንደዚያ ትላለች። እኔም…»

«አባቴ ደግሞ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ‹ሰውዬው ሰክሮ ነበር ወይ ደንግጦ፤ አሸዋው አጠገቡ እያለለት ልጄን ድንጋይ ላይ ወረወረው› ይላል።»

«ኪኑ…»

«ሰዎቹንም እያቸው። አያቴ ገና ስታያቸው ጨው በትናበታለች።»

«ለምን?»

«እያቸው ብዬሃለሁ።»

አማላጇ ጠራቻት። ኪኑ ጫማዋን አድርጋ ወጣች፤ በሩ ላይም ዘወር አላለችም። ፖስታው ከመቀነቷ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር። ደረቴ ላይ አላስጠጋሁትም። ከሳሽ ለተከሳሽ ወረቀት እንደሚሰጥ ነበር የሰጠችኝ፤ እጄ ውስጥም እንደዚያው ከበደኝ።

* * *

መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። መጀመሪያ የፈለግሁት አባቴን ነው፤ የመሪው ክፍል መስኮት ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆነብኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ልብስ ወረድኩ።

ኪሞኖ ስንለብስ የግራው ወገን በቀኙ ላይ ይደረባል። ወንድም ሴትም፣ ሀብታምም ድሀም እንደዚያ ነው። የቀኙ ወገን ከላይ የሚውለው ታጥቦ ለቀብር ለተዘጋጀ ሬሳ ብቻ ነው። ሕፃን በስህተት እንደዚያ ከለበሰ እናቱ ፊቷ ተለዋውጦ ትነጥቀዋለች።

ፎቶው ላይ የቆሙት ሁሉ፣ አንድ እንኳ ሳይቀር፣ የቀኙን ወገን ከላይ አድርገው ነበር። ሃያ ሰው በሬሳ አለባበስ ቆሞ ወደ እኔ ይመለከታል።

ፎቶውን ደፋሁት። የኪኑ አያት የሙታንን ርኩሰት ለማራቅ ጨው የበተኑበት ምክንያት ገባኝ። እኔም ቤት ውስጥ ጨው ቢኖር እበትን ነበር።

ጋሼ ኦጋታ ትምባሆአቸውን እያቀጣጠሉ መጡ። «ምነው? ያበደረህ ሰው ፎቶ ነው እንዴ?»

አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በትምባሆ ማጨሻቸው ጫፍ አናቴን ቀስ አድርገው መቱኝ።

«የዓሣ ነጋዴውን ሙሽራ ረሳሃት?»

«የቷን ሙሽራ?»

«የቷን ይለኛል! እዚህ በገባህ በመጀመሪያው ወር ነው። አማቲቱ እሪ ብላ ከፎቶ ቤቴ የወጣችው፣ እኔ እቤታቸው ሄጄ ግንባሬን መሬት ያስነካሁት በማን ምክንያት ነው?»

ትዝ አለኝ። ትዝ ሲለኝም ብድግ አልኩ። ያኔ የሙሽራዋ ምስል ያረፈበትን የመስታወት ሰሌዳ በስህተት ገልብጬ፣ የውስጡን ወገን ወደ ውጭ አድርጌ አትሜው ነበር። ሰሌዳ ተገልብጦ ሲታተም ቀኝ ግራ፣ ግራ ቀኝ ይሆናል። ሙሽራዋ በሠርጓ ልብስ ሬሳ መስላ ወጣች።

«እነዚህ ሰዎች አልሞቱም» አልኩ።

«ስትበላ ያደረች ሴት ትመስላለች ይቺማ፤ ጉንጯን እየው።»

«ፎቶው ነው የተገለበጠው። እንግዲያው መርከቧም…»

«መርከቧም» አሉ ጋሼ ኦጋታ።

አፍንጫዋ ወደ ግራ ነበር። ወደ አሸዋው።

ፎቶውን በካሜራ አነሳሁት፤ ሰሌዳውን ሆን ብዬ ገልብጬ አተምኩት። ወረቀቱ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር ሰዎቹ አንድ በአንድ ነፍስ ዘሩ፤ የልብሳቸው አደራረብ ተስተካከለ። መርከቧ ፊቷን ወደ አሸዋው አዞረች። «አባዬ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

ጋሼ ኦጋታ ትከሻዬን ነኩኝ። «አሁን ገና ደስ አይበልህ። የኢሳኩ ልጅ ነህ፤ ሥራህም ፎቶ ማሳመር ነው። እኔ ጆኪቺን ብሆን ከበሬ ነበር የምመልስህ።»

* * *

ጆኪቺ ከበራቸው አልመለሱኝም። ከዚያ የባሰ አደረጉ፤ አስገብተው አላስቀመጡኝም። እሳቸው ከፍ ያለው ወለል ላይ ተቀምጠው እኔ ከታች፣ በርሜል በሚንከባለልበት መሬት ላይ ቆምኩ። ከኋላቸው ያለው ተንሸራታች በር የእጅ ስፋት ያህል ተከፍቷል። በክፍተቱ የኪኑ እጅጌ ይታየኛል።

ሁሉንም ተናገርኩ። ተንተባተብኩ፤ ግን ጨረስኩ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አኖርኩላቸው።

«የወፍጮ ቤቱን ሴት ልጅ ፎቶ ላይ የአገጯን ኪንታሮት ያጠፋኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገህ ነው ያጠፋኸው። ባሏ እስካሁን ይረግምሃል። ባለፈው ኪንታሮት፣ ዛሬ ደግሞ መርከብ።»

«የእኔን አይመኑ ጌታዬ። የራስዎን ፎቶ መስታወት ፊት ይያዙት፤ ያው ነው የሚያዩት።»

«መስታወት ፊት ብይዘው እኔም ግራኝ እሆናለሁ።»

«የልብሱን አደራረብ ይመልከቱ! ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ እንደ ሬሳ ለብሶ ባሕር ዳር አይቆምም። በአባቴ አጥንት እምልልዎታለሁ…»

«በየቱ አጥንት?» አሉ።

በርሜሎቹ ውስጥ የሚፈላው አኩሪ አተር ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የአባቴ አጥንት የት እንዳለ ከባሕሩ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ፎቶ አነሱ። እጃቸው በድንገት የሌላ ሰው እጅ መሰለ፤ ቀስ አለ። ከሰዎቹ መካከል አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ቀጭን ሰው በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይሄ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። እናቴ ገና ስታየው ነው ስሙን የጠራችው። ሴይጂ ሲያፍር አንገቱን እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ልብሳቸውን ያላየሁት መሰለህ? ካንተ በፊት አይቼዋለሁ! የሞቱት ናቸው። መርከባቸውን አጅበው ቆመው የገደላቸውን እያሳዩን ነው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «አንተ አሁን መጥተህ ‹እነዚህ የኩሮሃማ ዓሣ ለቃሚዎች ናቸው› ትለኛለህ። አባትህ ልጄን አንድ ጊዜ ወሰደብኝ። አንተ ሁለተኛ ልትወስድብኝ መጣህ።»

ወደ በሩ ክፍተት አየሁ። ኪኑ ፊቷን አውጥታ ነበር፤ ያንን አንገቱን ያዘነበለውን ሰው ትመለከታለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። «አምንሃለሁ» የሚል ነገር ፈለግሁበት። ጥያቄ ብቻ ነበረበት።

«ከአሥር ቀን በኋላ መልካም ቀን ነው» አሉ ጆኪቺ ፊታቸውን እየጠረጉ። «የእጮኝነት ስጦታ ከሱናጎ ይመጣል። እስከዚያ ፎቶዋን አድርቀህ አስረክብ። ሌላ ፎቶ ከእጅህ አልፈልግም።»

ወደ ቤቴ ስሄድ የስጎው ሽታ ልብሴ ላይ ነበር። ለወትሮው የምወደው ሽታ ነው፤ የእሷ ሽታ ስለሆነ። ያን ቀን ልብሴን አውልቄ ውጭ ሰቀልኩት።

* * *

በማግስቱ አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ ደብዳቤ አገኘሁ።

«ታሚጂ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ ፎቶውን ከእናቴ መስታወት ፊት ያዝኩት። እንዳልከው ነው። ግን እውነት ስለሆነ ይሁን እውነት እንዲሆን ስለምፈልግ እንዳመንኩት ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። አንድ ነገር ንገረኝና አልጠይቅህም። ያንን ወታደር ከእኛ በፊት ፎቶ ቤታችሁ አላየኸውም? ፎቶውን ከዚህ በፊት አይተኸው አታውቅም? አባቴ ‹ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው› ይላል። አይደለም በለኝ። ኪኑ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ጊዜ አዘንኩላት። በሦስተኛው ጊዜ «ተዘጋጅቶበት» የሚለው ቃል ብቻ ታየኝ። ዓይን አፋር ሰው ሲናደድ መጠን አያውቅም። እዚያው አጥሩ ሥር፣ በእርሳስ፣ በራሷ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጻፍኩላት።

«አባቴን ንጹሕ ያደረግሁት አንቺን ለማግኘት ብዬ አይደለም። እንደዚያ ብለሽ ከጠየቅሽኝ መልስ የለኝም። ፎቶሽ ደርቋል። መጥተሽ ውሰጂ።»

በማግስቱ ምሳ ልበላ ወጥቼ ስመለስ ጋሼ ኦጋታ፣ «መጥታ ወሰደችው» አሉኝ።

«ምን አለች?»

«‹እጁ እንዴት ነው› አለች። የፎቶ መድኃኒቱ ያቃጠለህን ማለቷ ነው መሰለኝ። ከዚያ ወደ ወደቡ ወረደች።»

«ከማን ጋር?»

«ከፎቶዋ ጋር።» ወደ እኔ ሳያዩ ጨመሩ፤ «የሰሜኑን ጀልባ ተሳፍራለች ይላሉ።»

የሰሜኑ ጀልባ ሱናጎ ይሄዳል።

ሦስት ቀን ምን እንደሠራሁ አላውቅም። የሰው ግንባር ላይ ያለ መጨማደድ ሳጠፋ ቅንድቡን አብሬ አጠፋሁ። ሳሙና የምትሸጠው ሴትዮ፣ «የጠማቂው ልጅ የባሏን ቤት ልታይ ሄደች አሉ፤ ያሁን ዘመን ልጆች ስጦታው እስኪመጣ እንኳ አይታገሡም» አለችና ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩላት። ኪኑ ባሕር አጠገብ ከማላውቀው ሰው ጋር ስትራመድ ይታየኝ ጀመር። መሐረቡንም ደብዳቤዎቹንም ጠረጠርኳቸው። ምናልባት ከመጀመሪያውም የመሪ ያዡን ልጅ የምትከታተለው ስለ ወንድሟ ለመስማት ብቻ ይሆናል። አንድ ጊዜ መጠርጠር ከጀመርኩ በኋላ ደብዳቤዎቿ ሁሉ ሌላ ነገር ይሉኝ ጀመር፤ ቃላቸው ግን ያው ነበር።

* * *

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀልባዋ ስትመለስ ወደቡ ላይ ነበርኩ። ልቀበላት አልነበረም፤ ተደብቄ ላያት እንጂ። ከመረብ ክምር ጀርባ ቆሜ ስትወርድ አየኋት። ብቻዋን ናት። ፊቷ በነፋስ ደርቋል። ዓይኔ ግን የሄደው ወደ እግሯ ነው፤ ነጭ ካልሲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁር አሸዋ ነበረበት።

ሱናጎ ጥቁር አሸዋ የለም። ከዚህ እስከ ሰሜን ጥቁር አሸዋ ያለው አንድ ዳርቻ ነው።

«ውጣ ከዚያ» አለችኝ። «መረብ ለብሰህም አውቅሃለሁ።»

ወጣሁ። «ኩሮሃማ ነበርሽ።»

«ሱናጎ የሄድኩ መስሎህ ነበር?»

ፊቴ መለሰላት።

«አዎ፣ መስሎሃል» አለች። ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «እኔም አንተን ጠርጥሬ ነው የሄድኩት። ተራ በተራ ነው።»

እዚያው፣ ዓሣ በሚራገፍበት መሃል፣ ነገረችኝ። ኩሮሃማ ስትደርስ አሸዋው ላይ የባሕር ሣር ለሚሰበስቡ ሴቶች ፎቶውን አሳየች። መጀመሪያ ወታደሩ ያመጣውን፣ የተገለበጠውን ብቻ ነበር ያሳየቻቸው። ኢቶኖ የሚባሉ ጥርስ የሌላቸው አሮጊት ሊነኩት እንቢ አሉ።

«‹ማነው ለመቃብር ያለበሰን?› አሉኝ። ‹እኔ ነኝ እኮ ይቺ! ይሄ ቅርጫቴ ነው! ግን ቅርጫቴን በቀኝ ጎኔ ይዤ አላውቅም፤ ቀኝ ዳሌዬ በሽተኛ ነው› እያሉ ይጮሃሉ። ከዚያ ያንተን አወጣሁላቸው። ‹እ፣ አሁን ነኝ› አሉና ሳቁ። ሁሉም ተሰብስበው እየሳቁ ራሳቸውን ፈለጉ።»

«ያ አንገቱን ያዘነበለውስ?»

ኪኑ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። «የእማማ ኢቶኖ ልጅ ናት፤ ሴት ናት። ጆሮዋን አሟት ነበር። አሁን ሁለት ልጆች አሏት።»

ጀልባዋ ላይ አንድ ሰው ቅርጫት እየጣለ ይራገማል።

«ስለ አባትህ አልጠየቅኋቸውም» አለች ኪኑ። «ካልጠየቅሁ ያስጠናሃቸው እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው መሆኔን እወቅ። እማማ ኢቶኖ ግን ራሳቸው አነሱት። ‹መርከቧ እየነደደች ቀጥ ብላ ወደ እኛ መጣች፤ ወደ አሸዋው። የመሪው መስኮት ውስጥ አንድ ሰው ይታየን ነበር። ሌላው ሁሉ ሲዘል እሱ አልዘለለም። ሃምሳ እርምጃ ሲቀራት አሸዋው ከሥር ያዛት። በዚያ ሃምሳ እርምጃ ውስጥ በገመድ ሠላሳ ስምንት ሰው አወጣን› አሉ። የዳኑት የሩቅ አገር የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ ወታደሮች በመኪና ጭነው ወሰዷቸው፤ ሴቶቹንም አፋችሁን ዝጉ አሏቸው። ‹አንድ ወጣት መጥቶ ጠይቋችሁ ያውቃል?› አልኳቸው። እስከዚያ ድረስ ነው የጠረጠርኩህ ታሚጂ።»

«ምን አሉ?»

«‹ማንም መጥቶ ጠይቆን አያውቅም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ› አሉ።» እንባዋ መጣ። «አባትህን ግን አላገኙትም። ይህንን ልደብቅህ ነበር። ከአሁን በኋላ የምደብቅህ ነገር እንዲኖር ስላልፈለግሁ ነው የምነግርህ።»

አባቴ መስኮቱ ውስጥ ቆሞ ታየኝ። ለአንድ ዓመት ተኩል ፊቱን ማስታወስ ስፈልግ የሚመጣልኝ ውኃ ብቻ ነበር። አሁን ፊቱ መጣ።

«አይታኝ የማታውቅ አሮጊት ካንተ አስቀድሜ አመንኩ» አለች። «ይህንን ይቅር ልትለኝ ትችላለህ?»

«እኔ የሳሙና ሻጯን አመንኩ» አልኳት። «ሳሙናዋ እንኳ አረፋ የለውም።»

በእጅጌዋ አፏን ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም።

«ያ ፎቶሽስ?» አልኩ። ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር።

«ሴይጂ ጋ ትቼዋለሁ።»

አልገባኝም። ልታስረዳኝ አፏን ስትከፍት ከኋላዬ የእንጨት ጫማ ድምፅ መጣ። ሰዎች መንገድ ለቀቁ። ጆኪቺ ነበሩ፤ ከመጥመቂያው እንዳሉ፣ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ መጥተዋል።

«ሱናጎ አልነበርሽም» አሏት። «አማላጇ ሰው ልካብኝ ነበር። የት ነበርሽ?»

«ኩሮሃማ።»

እኔን አዩኝ። «ይሄ ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባዬ። እጅህን ስጠኝ።»

ከመቀነቷ ውስጥ አንድ የታጠፈ ጨርቅ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። የላብ መጥረጊያ ነው፤ በጨው ደርቆ ቆርፍዷል፤ ጥጉ ላይ ግን የቤታቸው በርሜል ምልክት ይታያል። ጆኪቺ አውቀውታል። እጃቸው ሳይታጠፍ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ከሴይጂ ወገብ ላይ የተፈታ ነው» አለች ኪኑ። «በሦስተኛው ቀን ባሕሩ አወጣው። ሴቶቹ አጠቡት፤ እማማ ኢቶኖ የራሳቸውን ወንድ ልጅ ኪሞኖ አለበሱት። ከመቅደሱ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር ነው ያለው። ስሙን ስለማያውቁ የመቃብሩ እንጨት ላይ ‹ከባሕር የመጣ ወጣት› ብለው ጽፈውለታል። የሙት ዓመቱንም ቀን አክብረውለታል። ጨርቁን መነኩሴው አስቀምጠውት ነበር፤ የሚጠይቅ ቢመጣ ብለው።»

«ኩሮሃማ» አሉ ጆኪቺ። «ግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«አዎ።»

«ያንን ቦታ ስሙን እንኳ አልጠራም ብዬ ነበር እኮ። ፎቶው ከመጣ ወዲህ በሰሜኑ ጀልባ በርሜል እንኳ አልጫንኩም።» ጨርቁን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። «ልጄ እዚያ ተኝቶ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማላውቀው ሰው ፎቶ ላይ ሳለቅስ…»

ሰው እንዲያይ የማይፈልጉት ነገር ስለነበር ሁላችንም ባሕሩን ተመለከትን። ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ፤ ለእኔ ነበር።

«አንተ። ጽሕፈትህ ደህና ነው ይላሉ።»

«ይነበባል።»

«እንጨቱ ላይ የልጄን ስም የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ጀልባ።»

ይቅርታ አልነበረም። እንደ ጸሐፊ ይሁን እንደ ተሸካሚ፣ ወይም እንደ ሌላ ነገር የሚፈልጉኝ አልለየሁም። እንደ ልማዴ እሺ ልል ነበር። አላልኩም።

«እጽፋለሁ ጌታዬ። ከእሱ አጠገብ ግን የአባቴንም ስም እጽፋለሁ። አጥንቱ እዚያ ባይኖርም።»

ጆኪቺ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ያለው ጥርጣሬ በአንድ ቀን የሚወጣ አይደለም። ጨርቁን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

«እንግዲያው ሰፊ እንጨት እንይዛለን» አሉና ወደ ከተማው መራመድ ጀመሩ። ስለ ሱናጎው ስጦታ አንዲት ቃል አላነሱም፤ ኪኑንም ተከተዪኝ አላሏትም።

እሷም አልተከተለቻቸውም። ጥቁሩ አሸዋ ካልሲዋ ላይ እንዳለ፣ ፀጉሯ በነፋስ ተበታትኖ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ አየችኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ አልመረመርኩም። ዝም ብዬ አየኋት።